ከቅርጫቱ ሥር የጠበቀች

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የጎባ ሰው ግን በረደኝ ብሎ ቤቱ የሚቀር አይደለም፤ በተለይ የሮቤን ቡድን የሚሰድብበት ቀን ሲገኝ። የሲሚንቶው ደረጃ ሞልቶ የተረፈው ሕዝብ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ነው፤ አራተኛው ሩብ ሊጀመር ነው፤ ሮቤ በዘጠኝ ነጥብ ተበልጧል።

ሁሉም የሚያየው አንዲትን ልጅ ነው። ኢብቲሳም ዘይነዲን፣ ጥቁር ሂጃቧን አጥብቃ አስራ፣ ሜዳው ላይ ካለው ሰው ሁሉ በአንድ ራስ በልጣ ቆማለች። ቁመቷ ግን ዛሬ አላዳናትም። ኳሱ ወደሷ ገና ሲነሣ ሁለት የጎባ ልጆች፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ እንደ መዥገር ይጣበቁባታል። የሷም ልብ ሜዳው ላይ ያለ አይመስልም። የፊታችን አርብ ኒካሕዋ ነው። ሙሽራው ሳላሀዲን የሚባል የጊኒር ሰው ነው፤ ከአርብ ወዲያ ቤቷም ጊኒር ነው። ይህ የመጨረሻ ጨዋታዋ መሆኑን ያልሰማ ሰው አጥሩ ላይ አልነበረም።

ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ ረዲ ዲኖ የሒሳብ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እርሳሱን ይነክሳል። የቡድኑ ረዳት አሠልጣኝ ነው፤ በአዘቦቱ ቀን የሒሳብ መምህር። ቁመቱ ከኢብቲሳም ትከሻ አያልፍም። ሮቤ በዚህ ስትስቅበት ኖራለች። «ሲያገባት መሰላሉን ማን ያውሰው ይሆን?» ይሉ ነበር፣ ያኔ፣ እንደሚያገባት ሁሉም ሲያስብ። አሁን ማንም አይቀልድም። ሰው ሲያዝንልህ ቀልዱን ይተዋል፤ ለረዲ ይኼ ከቀልዱ የባሰ ሆነበት።

ነገሩ የጀመረው በወረቀት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ረዲ ቡድኑን ሲቀላቀል፣ የቡድኑ ጥበብ በሙሉ «ለኢብቲሳም ወርውሩላት!» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ይወረውሩላታል፤ ትይዛለች፤ ጀርባዋን ለቅርጫቱ ሰጥታ እንደቆመች ሦስት ሰው ይሰፍርባታል፤ ክንዷ በልዞ ትመለሳለች። ስታገባ «ረጅም አይደለች እንዴ፣ ምን ይገርማል?» ይላሉ። ስትስት ደግሞ «ይኼን ሁሉ ቁመት ይዛ!» ይላሉ። ረጅም ልጅ አትደክምም፣ አይከፋትም፣ አግዙኝ አትልም ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ሰዉ ግን ሁሉ አምኖበታል።

ረዲ ዋናውን አሠልጣኝ ኮች አያናን፣ «እኛ የምንረዳት ኳሱን ከያዘች በኋላ ነው። መርዳት ያለብን ከመያዟ በፊት ነው» አለው። አያና ሳቀና «በል እንግዲህ ሒሳብህን አምጣ» አለው።

አመጣ። የሜዳውን ግማሽ በማስመሪያ ሣለ፤ ተጫዋቾቹን የለስላሳ ቆርኪ እያስቀመጠ ዙሪያውን በእርሳስ ከበባቸው። የመጀመሪያውን ዘዴ «ዲንሾ» አለው። በዲንሾ፣ ኳሱ በአቀባይዋ በማናልበሽ እጅ እያለ፣ ከሁሉም የምታጥረው ሀዋኒ ወደ ቅርጫቱ ሥር ሮጣ ኢብቲሳምን የምትጠብቀውን ልጅ መንገዷ ላይ ትገተርባታለች። በዚያች ቅጽበት ኢብቲሳም ወደ ሌላው ጎን ትሻገራለች። ኳሱ እዚያ ያገኛታል፤ ከኋላዋ ማንም የለም፤ ዞር ብላ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞከሩት ቀን ኢብቲሳም ኳሱን አስገብታ ግራ ገብቷት ቆመች።

«እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም» አለችው።

«እንደዚያ ነው የምፈልገው» አላት። «ሌላው ይድከምልሽ።»

ተወልዳ እስክታድግ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ ወሰደችው። በማግስቱ ስትመልስለት ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎበታል። «ከግራ ስመጣ ፀሐይዋ ዓይኔን ትወጋኛለች። በቀኝ አድርግልኝ።» በቀኝ አደረገላት። ከሥሩም «ዓይንሽን ለፀሐይ አልሰጥም» ብሎ ጻፈና ሳምንቱን ሙሉ ሲያፍር ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ የወረቀቱ ፊት የቡድኑ፣ ጀርባው የሁለቱ ሆነ።

ከሁሉም የምትወደው «ሳነቴ» የተባለውን ዘዴ ነበር። በሳነቴ ኳሱ መጀመሪያ በቀኝ በኩል ይመጣላትና መንገዱ ይዘጋባታል። መዘጋቱ የታሰበበት ነው፤ ተከላካዮቹ ሁሉ ወደዚያ ያጋድላሉ። እሷ ግን ቦታዋን አትለቅም። የምትጠብቃትን ልጅ በጀርባዋ ይዛ ትቆያለች። ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በግራ በኩል ሲመለስ ግን ከፊቷ ሰው የለም። ረዲ ወረቀቱ ጥግ ላይ፣ «መጀመሪያ ሲዘጋብሽ እንዳትሄጂ። ኳሱ ዞሮ ይመለሳል» ብሎ ጽፎላታል። ኢብቲሳም ያንን ወረቀት አልመለሰችለትም፤ እሱም አልጠየቃትም።

መስከረም ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ረዲ ሽማግሌ ላከ።

የኢብቲሳም አባት ሐጂ ዘይነዲን በሮቤ የታወቁ የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ኮምባይነር፣ አንድ ትልቅ መጋዘን አላቸው። የረዲ አባት አቶ ዲኖ ደግሞ በዚያው መጋዘን ሠላሳ ዓመት ጆንያ የተሸከሙ ሰው ናቸው። ልጃቸውን በትከሻቸው አስተማሩት ቢባል ማጋነን አይደለም። ከሄዱት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ዲኖ ራሳቸው ነበሩ። ሐጂ በክብር ተቀበሏቸው፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሻይ ቀረበ። ጉዳዩ ሲነሣም «ልጅቱ ገና ናት። እስቲ ከዘመድ ልምከር፤ አላህ ያለው ይሆናል» አሉ።

አቶ ዲኖ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። «ደህና ነው። በሁለት ሳምንት እንመለሳለን» አሉ። የልጃቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

«እርስዎ የት ተቀመጡ?»

«እኔ? እኔማ በሩ አጠገብ።»

ረዲ ደሙ ፈላ። ሌሎቹ ፍራሽ ላይ፣ ተሸካሚው በሩ አጠገብ! የሐጂ መልስ በዚያች ቅጽበት እምቢታ ሆኖ ታየው። ሁለት ሳምንት ሞልቶ አባቱ «እንሂድ እንጂ» ሲሉት፣ «አባ፣ እዚያ ሰውዬ ደጅ ሁለተኛ አይቆሙም» አላቸው። አቶ ዲኖም «እንዳልክ» አሉ።

በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት በባሌ እንደሌለ ረዲ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልጁን የሚያከብር ሁሉ ሽማግሌ ያመላልሳል። አንዴ ጠይቆ የቀረ ሰው ከልቡ እንዳልጠየቀ ነው የሚቆጠረው። ይኼን ሕፃን ያውቀዋል። ግን ያ ወግ የእኩዮች ነው፣ ለተሸካሚ ልጅ እምቢታ ያው እምቢታ ነው አለና ልቡን ዘጋ። መማር እንዲህ ያለውን ሞኝነት አይነቅልም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያጠጣዋል።

ኢብቲሳም ልምምድ ላይ ዓይን ዓይኑን ታየው ጀመር። ሴት ልጅ በራሷ አፍ ሽማግሌ አትጠራም፤ ነውር ነው። ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ላይ ከወረቀት ጀርባ አንድ መስመር ጻፈችለት። «የአባትህ ጉልበት ተሻላቸው?» ረዲ አነበበና ፊቱ ጠቆረ። ደግሞ ታዝንልን ጀመር አለ። መልስ አልጻፈም። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን በማናልበሽ እጅ ላከላት፤ ጀርባቸውም ባዶውን ቀረ።

የጊኒር ሽማግሌዎች ግን መጡ፤ ተመለሱ፤ ደግመው መጡ፤ በሦስተኛው ቃል ተሰጣቸው። ወሬው ረዲ ጆሮ ሲደርስ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር። ሰሌዳው ላይ የጀመረውን ስሌት ሳይጨርስ አጠፋው።

እነሆ አሁን ጥር ነው፣ ጎባ ነው፣ አራተኛው ሩብ ተጀምሯል።

ዲንሾ ሦስት ጊዜ ሠራ። ሀዋኒ ራሷ ትንሽ ብትሆንም እንደ ጉቶ ተተክላ ትልልቆቹን ታሰናክላለች፤ ኢብቲሳም ከጀርባዋ ተሻግራ ኳሱን ቅርጫቱ ውስጥ ታኖረዋለች። ዘጠኙ ነጥብ ሰባት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ማናልበሽም ሁለት ነጥብ ጨመረች። ዐሥራ አራት ሰኮንድ ሲቀር ሮቤ በአንድ ነጥብ ብቻ ይበለጥ ነበርና ኮች አያና ዕረፍት ጠየቀ።

ልጆቹ ረዲን ከበቡት። ትንፋሻቸው ይጨሳል። ረዲ ደብተሩን ዘረጋ፤ እርሳሱን ግን አላሳረፈበትም። ከዚያ ቀና ሳይል «ሳነቴ» አለ።

ኢብቲሳም ድንገት አየችው። ረዲ ያን አስተያየት ሸሸው፤ እርሳሱን ያነሣ መስሎ ጎንበስ አለ።

ኳሱ ከጎን መስመር ተወረወረ። ማናልበሽ በቀኝ በኩል ወረደች። ኢብቲሳም ከቅርጫቱ ሥር እጇን ዘርግታ ጠየቀች፤ ወዲያው ሁለቱ ዘጉባት። ሕዝቡ አገሩን በጩኸት ቀወጠው። ማናልበሽ ሰዓቱን አየች፣ ደነገጠች፣ ራሷ ልትወረውር ኳሱን ከራሷ በላይ አነሣች። ረዲ ከወንበሩ ዘሎ ሜዳው ጠርዝ ላይ ደረሰ።

«ማናል! እንዳትተያት! ዙሪና መልሺላት! መልሺላት!»

ድምፁ ተሰነጠቀ። ከሮቤ የመጡት ጥቂት ደጋፊዎች «ኢጆሌ ሮቤ፣ ጀባዻ!»፣ የሮቤ ልጆች በርቱ፣ እያሉ ተነሡ። ኳሱ ወደ መሃል ተመለሰ፤ ወደ ሀዋኒ ሄደ፤ በግራ በኩል ዞረ። ኢብቲሳም ቦታዋን አልለቀቀችም። የጎባዋን ልጅ በጀርባዋ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ቆይታለች። ኳሱ ሲደርሳት ከፊቷ ማንም አልነበረም። ዞር አለችና አስቀመጠችው።

ፊሽካው ተነፋ። ሮቤ በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

ልጆቹ ተደራርበው ወደቁ። ኮች አያና ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ። ኢብቲሳም ግን አልዘለለችም። ከቅርጫቱ ሥር እንደቆመች በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ ረዲን ታየው ነበር። ያሸነፈ ሰው እንዲያ አያይም። በሂጃቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ፣ ጽዶቹ አጠገብ ጠበቀችው። ማናልበሽም አብራት መጥታለች፤ ሁለቱን ብቻቸውን ላለመተው ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ኢብቲሳም ሌላ ጊዜ ረዲን ስታነጋግረው ጎንበስ ትልለት ነበር። ዛሬ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ለማናልበሽ ምን ብለህ ነው የጮኽከው?»

«መልሺላት ነዋ።»

«ለሷ ጮኽክላት።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ለኔስ ረዲ? ለኔ ሲሆን ምነው አፍህ ተያዘ?»

«ምን ላድርግ ኢብቲሳም? አባትሽ እምቢ አሉ!»

«አባባ መቼ ነው እምቢ ያሉት? ከዘመድ ልምከር አሉ እንጂ! በመጀመሪያ ቀን እሺ ያለ አባት የት ሰምተሃል? ገበያ እንደወጣ በግ ጎትተው እንዲሰጡህ ነበር የፈለግከው?»

«አባቴን በር ላይ አስቀመጧቸው!» አለ ረዲ፤ አራት ወር የታፈነው ነገር አፈትልኮ ወጣ። «ሠላሳ ዓመት ተሸክመውላቸው፣ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ እንኳ በር ላይ!»

ኢብቲሳም አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኼ ነው?» አለች በቀስታ። «ወላሂ በለኝ፤ ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«ሻዩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እዚያው ነበርኩ። አባባ ሁለት ጊዜ ‹ዲኖ፣ ና ወደ ላይ፣ እኔ ጎን› አሏቸው። አባትህ ናቸው ‹ጉልበቴን ልዘርጋበት፣ እዚህ ይሻለኛል› ብለው የተቀመጡት። እየሳቁ እኮ ነው። ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ ብዬ የጻፍኩልህ ለዚያ ነው። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልጥራህ? ሴት ነኝ።»

ረዲ ጽዱን በእጁ ተደገፈ።

«አባባ ሁለት ሐሙስ መጋዘን አልሄዱም» አለች። «ሰው ይመጣል ብለው ቤት ዋሉ። እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። በሦስተኛው ሐሙስ ‹ልጁ ከልቡ አልነበረም› አሉኝ። ምን ብዬ ልከራከርልህ? በእጄ ያለው ያንተ ወረቀት ብቻ ነበር። ‹መጀመሪያ ሲዘጋብሽ እንዳትሄጂ› ያልከኝ አንተ ነህ። አልሄድኩም። የጊኒር ሰዎች ሲመጡም አልሄድኩም፤ ሲመለሱም ‹ጊዜ ስጡኝ› አልኩ። ስትጠብቅ የኖረችው እኮ እኔ ነኝ!»

«ዛሬ እልካለሁ!» አለ ረዲ። «አሁኑኑ! ራሴ ሄጄ ሐጂ እግር ላይ እወድቃለሁ። የፈለጉትን ይበሉኝ—»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ኢብቲሳምም ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ ቃል ሰጥተዋል። እኔም ተጠይቄ፣ በገዛ አፌ እሺ ብያለሁ። ሳላሀዲን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ ሲያመላልስ አልሰለቸውም፤ ክብሬ ተነካ አላለም። እንዲህ ያለውን ሰው አርብ ሊደርስ በምን አንጀቴ ላዋርደው?»

«ትወጂዋለሽ?»

እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«ስማኝ ረዲ» አለች። «የአባባ እምቢታ እምቢታ አልነበረም፤ አንተ ግን አመንከው። የኔ እምቢታ የእውነት ነው። ይኼን ደግሞ አንዴ ስትሰማ እመነው። ሽማግሌ እንዳትልክ። ብትልክ ልቤ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ ስንት ሰው እንደምናቃጥል አንተም ታውቃለህ።»

ከማናልበሽ ጋር ተቃቅፈው ሄዱ። ረዲ ጽዶቹ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ደስታ በአንድ ቀን ይመጣል ይባላል፤ እሱ ግን ደስታው ስንት ቀን ደጁ ድረስ እየመጣ እንደተመለሰ ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ከጎባ ሮቤ መንገዱ አጭር ነው። ልጆቹ ሚኒባሱ ውስጥ ሲዘፍኑና ሲያጨበጭቡ ረዲ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በመስኮቱ የታጨደውን የስንዴ ማሳ ያያል። ከኋላው የኢብቲሳም ድምፅ አይሰማም። አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ ለማየት አቅም አጣ።

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። አቶ ዲኖ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ በትልቁ መርፌ ይሰፋሉ።

«አሸነፋችሁ አሉ» አሉት። «አልሐምዱሊላህ።»

«አሸነፍን።»

ከዚያ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። ሐጂ ቤት ውለው እንደጠበቁ፣ ልጅቱ ምን እንዳለች፣ እሱ ምን እንዳለ። አቶ ዲኖ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ ሰሙት።

«ሐጂ የናቁዎት መስሎኝ ነበር፣ አባ።»

«ሐጂ ንቀውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ ምነው ያኔ አልነገሩኝም? ‹በራሴ ፈቃድ ነው እዚያ የተቀመጥኩት› ቢሉኝ ምን ነበር? አንዲት ቃል ብትሆን…»

አቶ ዲኖ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩት።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠሩት አንጀታቸው ሲላወስ ብቻ ነበር። «‹የት ተቀመጡ› ብለህ ስትጠይቀኝ ፊትህን አየሁት። ያፈርከው በሐጂ አልነበረም፤ በኔ ነበር። ልጄ አፍሮብኝ እያየሁ፣ አስከትለኝና እንደገና እንሂድ ብዬ እንዴት ልለምንህ?»

ረዲ «አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ። ቢል ግን ውሸት ነበር። ከአባቱ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። የእጃቸውን መዳፍ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበትና ከልጅነቱ ወዲህ አልቅሶ የማያውቀውን ልቅሶ አለቀሰ። የመግሪብ አዛን ተጀምሮ አለቀ። አቶ ዲኖ ሰላታቸው ደርሶም እጃቸውን አልወሰዱበትም።